ሳይቆርጡ ማየት

ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዋልካ መሬት፣ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ፣ ግራር ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከኢትዮጵያ የሚወርደው ሠራተኛ በየዓመቱ ይረግጣታል፤ በሽታም አብሮት ይመላለሳል። በዚህ ምልልስ የሚነጋገሩት አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። እሱ የጎንደር ሰው ነው፤ ዕድሜውን ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም በላቦራቶሪ ያሳለፈ። እሷ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ በማግኔት ስለሚሠራ ማይክሮስኮፕ ታጠናለች። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለሙያው፦ በስልክ «በማግኔት የሚያይ ማይክሮስኮፕ» ስትዪኝ ብዙ አሰብኩበት። እኔ የማውቀው ማይክሮስኮፕ ብርሃንና መስታወት ነው። ስላይዱን በጊምዛ ቀልሜ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ተሕዋሱን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ማግኔት ምን ያሳየኛል?

መምህርቷ፦ ውሃ ያሳይዎታል፣ ጋሼ። በእጅዎ የሚይዙት ቁራጭ ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነው፤ በውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። የሃይድሮጅን አስኳል በጣም ደቃቅ ማግኔት ነው። ከትልቅ ማግኔት ውስጥ ሲገባ በተወሰነ ፍጥነት ይሾራል፤ የማግኔቱ ጉልበት 1 ቴስላ ከሆነ በሰከንድ 42.58 ሚሊዮን ጊዜ። ልክ በዚያው ፍጥነት የሚርገበገብ የሬዲዮ ሞገድ ቢላክበት ይቀበላል። ሞገዱ ሲቋረጥ የተቀበለውን ይመልሳል። የሚመልሰውን የሚሰማው ናሙናውን የከበበው ጥቅል ሽቦ ነው።

ባለሙያው፦ ውሃ ውሃ ነው። ጡንቻውን ከጠባሳው በምን ይለየዋል?

መምህርቷ፦ ወደ ዕረፍቱ ለመመለስ በሚወስድበት ጊዜ። በስብ፣ በጡንቻ፣ ባበጠ ሥጋ፣ በጠባሳ ውስጥ ያለው ውሃ እኩል አይዘገይም። ይህን በ1971 ሬይመንድ ዳማዲያን ኒውዮርክ ውስጥ አሳየ። ከአይጥ የወጣ ዕጢና ጤነኛ ሥጋ እያስገባ ለካ፤ የዕጢው ጊዜ ረዝሞ ተገኘ። ምስል ግን አልነበረውም፣ ቁጥር ብቻ ነበር። ምስሉን ያመጣው ፖል ላውተርበር ነው፣ በ1973። ከባድ ውሃ በሞላው ቱቦ ውስጥ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቀጫጭን የተራ ውሃ ቱቦዎች አስገባ። ማግኔቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየበረታ እንዲሄድ አደረገ። በበረታበት በኩል ያለው ውሃ ፈጥኖ ይሾራል፣ በደከመበት በኩል ያለው ይዘገያል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ቦታውን ይናገራል። በዚህ ሥራ እሱና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ባለሙያው፦ ይህማ ኤምአርአይ ነው። እኔ ኤምአርአይ ሲባል ሰው ተኝቶ የሚገባበት ማሽን ነው የሚታየኝ።

መምህርቷ፦ ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው። መነሻው ግን በቱቦ ውስጥ ያለ ቁራጭ ነበር። የሰው ማሽን ከዚያ በኋላ መጣ፤ ገንዘቡም ዝናውም ወደዚያ ሄደ። ቁራጩን በደንብ ማየት ቀጠን ባለ መስመር የሚሄድ ሥራ ሆኖ ቀረ። እኔ የምጓጓው ለዚህኛው ነው።

ባለሙያው፦ እስከ ምን ድረስ ያሳንሳል? ሕዋስ ያያል?

መምህርቷ፦ በ1986 አምስት ተመራማሪዎች ኔቸር ላይ የአንድ ሕዋስ ምስል አወጡ፤ የአፍሪካ እንቁራሪት እንቁላል ነበር። ከአንድ ሚሊሜትር ስለሚበልጥ በዓይንም ይታያል። የምስሉ አንድ ነጥብ በአንድ ጎን 10፣ በሌላው 13 ማይክሮሜትር ነበር፤ ጥልቀቱ ግን 250።

ባለሙያው፦ ሁለት መቶ አምሳ! እኔ የማውቀው በማይክሮቶም መቁረጫ የሚወጣው ቁራጭ 5 ማይክሮሜትር ነው። በሃምሳ ቁራጭ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ተደራርቦ ታየ ማለት ነው።

መምህርቷ፦ ትክክል ነዎት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ስቲቨን ብላክባንድ ያለበት ቡድን በ2009 የአጥቢ እንስሳ የነርቭ ሕዋሶችን እስከ ማሳየት ደርሷል። ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ ዋጋው ከባድ ነው። የነጥቡን ሦስቱንም ጎን በግማሽ ቢያሳንሱት በውስጡ የሚቀረው ውሃ አንድ ስምንተኛ ነው፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይደክማል። የደከመውን ድምፅ ከሚረብሸው ሞገድ ለመለየት ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል። ስምንት እጥፍ የደከመ ድምፅ በ64 እጥፍ ጊዜ ነው የሚካሰው። አንድ ሰዓት የነበረው ሥራ ሁለት ቀን ከአሥራ ስድስት ሰዓት ይሆናል።

ባለሙያው፦ ታዲያ ሌላ መንገድ የለውም?

መምህርቷ፦ አለው። አንዱ ማግኔቱን ማበርታት ነው፤ ይህ ሀብታም ተቋማት የሚሄዱበት መንገድ ነው። ሌላው ሽቦውን ማሳነስ ነው፤ እኔን የሚስበኝ ይኼኛው ነው። የሽቦው ጥቅል ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ከናሙናው የሚሰማው ድምፅ በግምት በእጥፍ ይጠራል። ሰው ከሚገባበት ሽቦ ይልቅ ናሙናውን አንቆ የያዘ፣ የጣት ጫፍ የማያስገባ ጥቅል ብዙ ይሰማል። ይህን በእጅ መጠቅለል ይቻላል። መዳብ ሽቦ፣ ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ ትዕግሥት፣ እና መለኪያ መሣሪያ ነው የሚፈልገው። ተማሪ ሊማርበት የሚችል ሥራ ነው።

ባለሙያው፦ ሽቦውን እያሳነስሽ እየሄድሽ መጨረሻው የት ነው?

መምህርቷ፦ ውሃው ራሱ ያስቆመዎታል። ውሃ አይረጋም። ነፃ ውሃ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ወደ 7 ማይክሮሜትር ያህል ከቦታው ይፈልሳል። ቦታውን ለመለካት የሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ በዚያው ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ለመሄድ ቢታገሉ፣ ሲለኩት እዚህ የነበረው ሲያነቡት እዚያ ሆኖ ያገኙታል። ሥጋ ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚታገድ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ወሰኑ አይጠፋም።

ባለሙያው፦ እንግዲያው ዶካ ምን አመጣሽ? እዚህ ያለው ሥራ ካላአዛር ነው። እዚህ ዶካ ያለው ማዕከል ራሱ በሱዳናዊው የፓቶሎጂ ሊቅ በፕሮፌሰር ኤልሐሰን ስም የተሰየመ የትሮፒካል ሕክምና ማዕከል ነው። ከ2018 ጀምሮ ሚልተፎሲንና ፓሮሞማይሲን ለ14 ቀን አብረው ሲሞከሩ ዶካ ከሙከራው ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ ከወዲያ ጎንደርና አብደራፊ፣ ከደቡብ ደግሞ ኬንያና ኡጋንዳ። እኔ የምፈልገው ተሕዋስ ሌሽማንያ ዶኖቫኒ ነው፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ ሲቀመጥ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር። አንቺ ደግሞ አሁን በ7 ቆምኩ አልሽኝ።

መምህርቷ፦ አልደብቅዎትም፤ ለካላአዛር አይሆንም። ተሕዋሱን በማግኔት ማየት አይቻልም፤ ይቻላል የሚል ሰው ቢመጣ አይመኑት። ለዚያ የእርስዎ ዘይትና ጊምዛ ይበልጣል።

ባለሙያው፦ ይህን ከአፍሽ መስማቴ ደስ አለኝ። ብዙ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አይቻለሁ፤ የማይችለውን ቀድሞ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ቢሆንም የእኔም ሥራ ያለ ችግር አይምሰልሽ። ከጣፊያ በመርፌ የተወሰደ ናሙና ከመቶ ታማሚ ከዘጠናው በላይ ላይ ተሕዋሱን ያሳያል፤ ግን ጣፊያ ይደማል፤ ከሺህ ሰው በአንዱ ላይ መድማቱ ሕይወት ሊወስድ ይችላል። ከንፍፊት ብንወስድ አደጋ የለውም፤ ግን ከታማሚው ግማሽ ገደማ ያመልጠናል። መቅኒ በመካከል ነው፤ ያማል። በጣት ደም የሚሠራው የአርኬ39 ፈጣን ምርመራ ደግሞ ለሕንድ ሰዎች የሠራውን ያህል ለእኛ አካባቢ ሰዎች አይሠራም። ስለዚህ ሥጋ መንካት አሁንም አልቀረልንም።

መምህርቷ፦ እኔን ያመጣኝ እሱ አይደለም ግን። ሌላው ነው፤ በእሾህ የሚገባው።

ባለሙያው፦ ማይሴቶማ?

መምህርቷ፦ አዎን።

ባለሙያው፦ እሱን ሱዳኖቹ ነብት ይሉታል። እኔ ስንቱን አይቻለሁ! ገበሬው በባዶ እግሩ ግራር ይወጋዋል፤ ይረሳዋል። ከወራት ወይ ከዓመት በኋላ እግሩ ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣል። አያምም፤ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፣ ስለማያምም አይመጣም። ሲመጣ እብጠቱ በስቶ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከፈሳሹ ጋር ጥቁር ቅንጣቶች ይወጣሉ። እዚህ አገር አብዛኛው ማዱሬላ ማይሴቶማቲስ የሚባለው ፈንገስ ነው። ቀስ ብሎ ወደ አጥንቱ ይገባል። እግራቸው የተቆረጠ ወጣቶችን በገበያው ታያቸዋለሽ፤ ሰሊጥ ያጭዱ የነበሩ ልጆች ናቸው። ጊዜ ወስጄ የነገርኩሽ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳን ችላ ከተባሉት የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2016 ስለሆነ ነው። ያኔ እኔ ሽማግሌ ሆኛለሁ።

መምህርቷ፦ ያ ጥቁር ቅንጣት ነው እንግዲህ። ስንት ይሆናል?

ባለሙያው፦ ይለያያል። ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ 2 ሚሊሜትር ብትዪ አትሳሳቺም።

መምህርቷ፦ የጤፍ ፍሬ ነው። ካላአዛር 2 ማይክሮሜትር ይጠይቀናል፣ ማይሴቶማ 500። ለአንዱ ዓይነ ስውር የሆነው መሣሪያ ለሌላው ከበቂ በላይ ያያል። ደግሞ በባዶ ተስፋ አይደለም የምናገረው። በ2003 ሐኪሞች በማይሴቶማ የተያዘ እግር በኤምአርአይ ሲያዩ አንድ ምልክት አስተዋሉ፤ «ነጥብ በክብ ውስጥ» አሉት። ክቡ የሚያበራው ተሕዋሱን የከበበው ያበጠ ሥጋ ነው፤ ውሃ ስለሞላው። በመካከል ያለው ጥቁር ነጥብ ቅንጣቱ ነው። ዙሪያውን የሚለየው ጥቁር መስመር ደግሞ ጠባሳው። ይህን ያሳየው ሙሉ ሰው የሚገባበት ማሽን ነው። ቁራጩን ብቻ በትንሽ ሽቦ ብናይ ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠራ ያስቡት።

ባለሙያው፦ ቁራጩ እጄ ላይ ካለ ግን ለምን በማግኔት አየዋለሁ? ቆርጬ፣ ቀልሜ አየዋለሁ እንጂ።

መምህርቷ፦ ስንት ቁራጭ ያያሉ?

ባለሙያው፦ ሁለት፣ ሦስት። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ይጨመራል።

መምህርቷ፦ አንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሥጋ በ5 ማይክሮሜትር ሲቆረጥ 2,000 ቁራጭ ይወጣዋል። ከሁለት ሺህ ሦስት። የቀረው በሰም ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፣ ወይም ይጣላል።

ባለሙያው፦ ይህን ስትዪ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ከሰሊጥ እርሻ የመጣ ነበር። ከእግሩ ሥጋ ተወስዶ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ተላከ። ከብዙ ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ «ሥር የሰደደ ብግነት፣ ቅንጣት አልታየም»። ሐኪሙ በእብጠቱ ላይ ጥርጣሬ አልነበረውም። ቁራጩ ግን ቅንጣቱ በሌለበት በኩል ነበር የተቆረጠው። ቀሪው ሥጋ ይመለስልን ብለን ጠየቅን፤ አልተገኘም። ልጁን ዳግመኛ እንቁረጥህ ብንለው እምቢ አለ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እምቢ እል ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

መምህርቷ፦ የእኔ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነው፣ ጋሼ። በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ቁራጭ ሥጋ ቢባክን ታማሚው ነገ ይመለሳል። እዚህ ግን ሥጋው አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። ሰውየው ሦስት ቀን ተጉዞ መጥቶ ይሆናል፤ ማጨዱ ሲያልቅ ድንበር ይሻገራል። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ መደረግ ያለበት ሥጋውን የማያጠፋው ምርመራ ነው። ማግኔት አይቆርጥም፣ አይቀልምም፣ አያቃጥልም። ሙሉውን ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ያሳያል። ቅንጣቱ ያለበትን ቦታ ምልክት አድርገን ለማይክሮቶሙ እንሰጣለን። «እዚህ ጋ ቁረጥ» እንለዋለን።

ባለሙያው፦ ስለዚህ የእኔን ሥራ ልትቀሚ አልመጣሽም።

መምህርቷ፦ ወደ እርስዎ ሥራ ልመራ እንጂ። ማግኔቱ ፈንገሱን ከባክቴሪያው አይለይልኝም። ማይሴቶማ ከፈንገስም ከባክቴሪያም እንደሚመጣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ አንዱ የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሌላው አንቲባዮቲክ። በስህተት የተሰጠ መድኃኒት ለወራት ይባክናል። ያን የሚለየው የተቀለመው ስላይድና ተሕዋሱን በላቦራቶሪ ማብቀሉ ነው።

ባለሙያው፦ እሺ፣ አሠራሩን በቅደም ተከተል ንገሪኝ። ሥጋው ከቀዶ ሕክምናው ወጣ፤ ፎርማሊን ውስጥ ገባ። ከዚያስ?

መምህርቷ፦ ሰም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው መያዝ ያለብን። ሰም ሲገባ ውሃው ይወጣል፤ ውሃ ከሌለ የሚናገር የለም። ፎርማሊንም ቢሆን የውሃውን ድምፅ ቶሎ እንዲጠፋ ያደርጋል፤ ስለዚህ በጨው ውሃ ለሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ማጠብ ይገባል። ከዚያ ሃይድሮጅን በሌለው ዘይት ውስጥ ይጠመቃል። ፎምብሊን የሚባለው የታወቀው ነው። ራሱ ድምፅ ስለማያወጣ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ የሥጋው ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል። የአየር አረፋ ግን መውጣት አለበት፤ በአረፋው ዙሪያ ማግኔቱ ይዛባል፣ ምስሉም ይበላሻል። አረፋ ለጀማሪ ትልቁ ጠላት ነው። ቱቦው ከሽቦው ውስጥ ይገባል፤ ሌሊቱን ይሰማል። ጠዋት ሥጋው ተጠርጎ ወደ ፎርማሊኑ ይመለሳል፤ የእርስዎም ሥራ ይጀምራል።

ባለሙያው፦ ቀለሙ ከዚያ በኋላ በደንብ ይይዛል?

መምህርቷ፦ ይህን በእያንዳንዱ ናሙና ዓይነት መፈተሽ አለብን፤ በግምት አናልፈውም። አንዳንዶች ምስሉ እንዲፈጥንና እንዲጠራ ሥጋውን በጋዶሊኒየም ይነክሩታል። እኔ በመጀመሪያው ዙር ባልነክረው እመርጣለሁ። ምንም ያልተጨመረበትን ሥጋ መልሼ ብሰጥዎት ይሻላል።

ባለሙያው፦ ሌላም ነገር ይታየኛል። ሐኪሙ እብጠቱን ሙሉ ሲያወጣ የሚያስጨንቀው ዳር ላይ የቀረ ቅንጣት አለ ወይ የሚለው ነው። ከቀረ ይመለሳል፤ ሲመለስም ወደ ውስጥ ገፍቶ ነው። እኛ ከዳሩ ሦስት አራት ቦታ ቆርጠን «ንጹሕ ነው» እንላለን። በመካከሉ ያለው ዳር ግን ማንም አላየውም።

መምህርቷ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይህ ሊሆን ይችላል። የወጣውን እብጠት ዙሪያውን በሙሉ አይቶ ቅንጣት ከዳር በስንት ሚሊሜትር እንደቆመ መናገር። ለዚያ እጅግ ጥቃቅን ነጥብ አያስፈልግም። ነጥቡ 100 ማይክሮሜትር ቢሆን ይበቃል። ያን ደግሞ ያለ ሄሊየም ማድረስ ይቻላል።

ባለሙያው፦ ሄሊየሙ ለምንድን ነው?

መምህርቷ፦ ትላልቆቹ ማግኔቶች ሽቦአቸው ያለ ተቃውሞ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ በፈሳሽ ሄሊየም ይቀዘቅዛል። ዶካ ያን አትሸከምም። ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ቋሚ ማግኔቶችን ክብ አድርጎ መደርደር። በ2022 ኡጋንዳ ምባራራ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ከሆላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ ያለ ኤምአርአይ ገጣጥመዋል። ዕቃው በአውሮፕላን መጣ፤ አራት አሠልጣኞችና ስድስት ሥራውን ከዚያ በፊት የማያውቁ ሰዎች ከርክክብ እስከ መጀመሪያው ምስል 11 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። ጉልበቱ 50 ሚሊቴስላ ስለሆነ ለማይክሮስኮፕ አይበቃም። ነገር ግን እዚያ የሰው ጭንቅላት ማስገባት ነበረባቸው። እኛ የምናስገባው 1 ሴንቲሜትር ቁራጭ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ እነዚያው ቋሚ ማግኔቶች 1 ቴስላ ይሰጣሉ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በኬሚስትሪ ላቦራቶሪዎች አሉ።

ባለሙያው፦ የእኛን ሙቀት አልረሳሽም? ከዝናብ በፊት ያለውን ወር ታውቂዋለሽ።

መምህርቷ፦ የፈራሁት እሱን ነው። ኒዮዲሚየም ማግኔት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ጉልበቱን ከሺህ አንድ ያህል ይቀንሳል። ከሺህ አንድ ትንሽ ይመስላል፤ በ1 ቴስላ ግን የውሃው ድግግሞሽ 40 ሺህ ሄርትዝ ገደማ ይንሸራተታል። እኛ የምንሰማው ድምፅ ከዚያ እጅግ የጠበበ ነው፤ በአንድ ዲግሪ ለውጥ ብቻ ከመስመራችን ይወጣል። በሌላ አገር ሳጥኑን ከክፍሉ ሙቀት ትንሽ ከፍ አድርገው በማሞቅ ያረጋጉታል። እዚህ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ራሱ ከሳጥኑ ይሞቃል፤ ማሞቂያ ደግሞ ማቀዝቀዝ አይችልም። ስለዚህ ሙቀት የሚችለውን ሳማሪየም ኮባልት እንምረጥ እላለሁ፤ ለውጡ ከሲሶው እምብዛም አይበልጥም። ሳጥኑንም ከዶካ ሙቀት በላይ እናስተካክለዋለን። ሥራው በሌሊት ነው። ይህን ከአውሮፓ የመጣ መመሪያ አይነግረንም፤ እዚሁ መሞከር አለበት።

ባለሙያው፦ መብራቱስ?

መምህርቷ፦ ቋሚ ማግኔት ራሱ መብራት አይበላም። የሚበሉት ሽቦዎቹ፣ ማጉያውና ኮምፒውተሩ ናቸው፤ በፀሐይ ባትሪ ሊያድሩ ይችላሉ። ዋናው ፍላጎታችን ሌሊቱን የማይቆራረጥ መሆኑ ነው።

ባለሙያው፦ ጎንደር አይሻልም ነበር ግን? ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የካላአዛር የምርምርና የሕክምና ማዕከሉ አለ፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው።

መምህርቷ፦ መሣሪያው መጀመሪያ እዚያ ቢሠራ እኔም እወዳለሁ። ሥጋው ግን ከዚህ ነው የሚመጣው። ደግሞ ጎንደር ያለው ሰው ማይሴቶማን የእርስዎን ያህል አላየም። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው በሽታ አንድ ሆኖ ዕውቀቱ ለሁለት መከፈሉ ያሳዝነኛል። የካላአዛሩ ሙከራ ዶካንና ጎንደርን በአንድ ሠንጠረዥ ካስቀመጠ ማይሴቶማውም ይችላል።

ባለሙያው፦ ዕውቀቱ የተከማቸበት ቦታ ካርቱም ነበር። በ1991 የተቋቋመው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል፣ ፕሮፌሰር አሕመድ ፋሃል የመሠረቱት። የዓለም ሰው ሁሉ ስለ ማይሴቶማ ለመጠየቅ ወደዚያ ነበር የሚመጣው። ፎስራቩኮናዞል የተባለውን መድኃኒት ከ2017 ጀምሮ የሞከሩት እዚያ ነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 2023 ሲነሳ ስንቱ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ፣ ስንቱ በገላባት አድርጎ መተማ ገባ! ማዕከሉ ወደመ። በአሥርተ ዓመታት የተሰበሰበ ናሙና ጠፋ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም። እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ሰው ሥጋ ነው። አንዳንዱ እኔ ከማውቃቸው ሰዎች እግር ወጥቶ የሄደ ይሆናል።

መምህርቷ፦ እኔም ይህን ስሰማ ነው ሥራዬን ወደ ናሙና ያዞርኩት። ሰም ውስጥ ያለ ሥጋ አንድ ነው፤ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። የአንድ ቁራጭ ሙሉ ምስል ግን በካርቱም፣ በገዳሪፍና በጎንደር በአንድ ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። ምስሉ ሥጋውን አይተካም፤ ከምስል ዘረመል አይወጣም፣ ተሕዋስ አይበቅልም። ቢያንስ ግን ቅንጣቱ ስንት ነበር፣ የት ነበር፣ ምን ያህል ጠልቆ ነበር የሚለው አይጠፋም።

ባለሙያው፦ የታማሚው ፈቃድስ? ምስሉ የማን ይሆናል? ለሌላ ሰው ተሽጦ ቢገኝስ?

መምህርቷ፦ ያለ ፈቃድ አንድም ምስል አይወሰድም። ስምና ሰፈር አይጻፍበትም። ከአገር ለማውጣት ሁለቱም ወገን መፈረም አለበት። ይህ ከመሣሪያው በፊት ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው።

ባለሙያው፦ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ሰው የተቆረጠ እግሩን ይቀብራል። ሥርዓቱ ነው፤ ቤተሰቡ ተቀብሎ ያሳርፈዋል። ስለዚህ የተቆረጠ እግር ስጡን ብለሽ አትጀምሪ። በመጀመሪያ ከቀዶ ሕክምና የሚወጣውን ትንሽ እብጠት ነው መጠየቅ ያለብሽ፤ ለምርመራ መሄዱ ስለማይቀር ሰው አይከፋውም። ቤተሰቡንም በአረብኛ የምታስረዳ ሴት ነርስ ትኑር፤ ከሴት ሲሰሙ ሴቶቹ ይናገራሉ፣ ጥያቄያቸውን ይጠይቃሉ።

መምህርቷ፦ ከዚያም በፊት የሰው ሥጋ ሳንነካ መሞከር አለብን። ከፈሳሽ ጋር በራሳቸው የወጡ ቅንጣቶች አሉ፤ ታጥበው በፎርማሊን ከተቀመጡ አጋር በተባለው የላቦራቶሪ ዝልግልግ ውስጥ እንቀብራቸው። ቁጥራቸውንና ቦታቸውን እርስዎ ብቻ ይወቁት። እኔ ሳላውቅ በማግኔቱ ልቁጠራቸው። ከቁጥርዎ ጋር ከተገናኘ ወደ ሥጋ እንሄዳለን፤ ካልተገናኘ አንሄድም።

ባለሙያው፦ ይህ ፍትሐዊ ፈተና ነው። አንዳንዱን ቱቦ ባዶ አደርገዋለሁ፤ ቅንጣት የሌለበት። ባዶውን ባዶ ነው ካላልሽ አላምንሽም።

መምህርቷ፦ በተለይ እሱን ያድርጉ። አንዱ ላይ ደግሞ ሆን ብለው አረፋ ያስገቡበት፤ አረፋና ቅንጣት ሁለቱም ጥቁር ሆነው ስለሚታዩ የምፈራው መምታታታቸውን ነው። በሁለት የተለያየ አለካክ ስንወስደው አረፋው እየሰፋ ይሄዳል፣ ቅንጣቱ ግን እምብዛም አይሰፋም ብዬ እገምታለሁ። ግምቴን ይፈትኑልኝ።

ባለሙያው፦ አጋሩን እኔ አፈላለሁ። ቱቦው ስንት ይሁን?

መምህርቷ፦ የውስጡ ስፋት 10 ሚሊሜትር። ከዚያ ከሰፋ ሽቦው ከቅንጣቱ ይርቃል።